አህያ የሌለበት መንገድ

እና ደግሞ ፈገግታው፣ ከሁሉም ከሁሉም ፈገግታው ነው አንጀቱን የሚያሳርረው፣ በሩ ላይ ቆሞ የጫማውን አፈር እያራገፈ፣ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ አካም ጂርታ ኦቦሌሳ ኮ፣ እንዴት ነህ ወንድሜ ይላል፣ ወንድምህን ሂድና እናትህ ጓዳ ፈልግ ይላል ለሜሳ በሆዱ፣ በአፉ ግን ደህና፣ ግባ፣ አረፍ በል ይላል፣ ምን ያድርግ፣ ሽማግሌ አፉን ለጉሞታል። ሌንጂሳ ይገባል። ሰላም ነው። ሁሉም ነገር ሰላም ነው። እህቱን የገደለበት ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ይጨብጠዋል፣ እሱም ይጨብጣል፣ መዳፉ ሻካራ ነው፣ ይሞቃል፣ የሚሠራ የሚበላ ሰው መዳፍ ነው፣ ይኼው በሕይወት አለ፣ ቁርሱን በልቶ መጥቷል፣ ጥርሱ ላይ እንኳን ትንሽ ቃሪያ ቀርታለች።

ገደለ አይባልም። ይሄም ተከልክሏል። ነፍስ በእጁ ጠፋ ነው የሚባለው፣ ነፍስ የሳጥን ቁልፍ ይመስል፣ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ባምባሲ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ጉማውን፣ የደም እርቁን፣ ጨረሱ፣ የደም ካሣው ተከፈለ፣ አጥር የሚጋሩት፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልኩት ሁለቱ ቤተሰብ ከአንድ ገበታ በሉ፣ ቄሱ ጸለዩ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር በቁጣም ይሁን በጨዋታ ያነሳ የተረገመ ይሁን ተባለ፣ አባቱ አሜን አሉ፣ ለሜሳም አሜን አለ። አሜን ማለት ምን ይከብዳል፣ ከንፈር ከፍቶ መግጠም ነው። ሥጋው ግን ጉሮሮው ላይ ቆመ፣ አልወርድ አለ፣ ሲያንቀው ጊዜ ውሃ ያቀበለው ማን ሆነና፣ ሌንጂሳ፣ እሱ ራሱ፣ በጣሳ፣ ጠጣ ወንድሜ እያለ። ጠጣው። ያ ውሃ እስከ ዛሬ ሆዱ ውስጥ አለ፣ አልሸናውም።

አህያ ነው ያለው ሌንጂሳ። ለፖሊስም አህያ፣ ለሽማግሌም አህያ፣ ለቄሱም አህያ፣ ኩርባው ላይ ከማንጎዎቹ ጥግ ዘሎ ገባብኝ፣ እሱን ላድን ስል ተገለበጥኩ። የታለ አህያው? በዚህ አገር ዶሮ እንኳን ባለቤት አላት፣ ሰፈሩ በሙሉ ተጠይቆ አህያዬ ነበር ያለ አንድ ሰው አልተገኘም፣ ማንጎ የምትሸጠዋ ሴትዮም እኔ ምንም አላየሁም ብላለች፣ ታዲያ ከሰማይ ወርዶ ወደ ሰማይ ተመለሰ ወይ? ስልክ ነው። ለሜሳ ያውቃል፣ እንደ ስሙ ያውቃል፣ ግራ እጁን ከመሪው አንስቶ ስልክ ሲያነሳ ነው፣ የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ያደርገዋል፣ ሃሎ አለ፣ ኩርባው መጣ፣ ከዚያ ቢሊሴ። ከኋላ የተቀመጠችው የለሜሳ እህት ቢሊሴ። የአሶሳ ሚኒባስ እንዳያመልጣት ወደ መናኸሪያ ስትሮጥ፣ ሰኞ ኮሌጅ ፈተና አለባት፣ እናቷ ያስያዘቻትን በሶ ጭኗ ላይ አድርጋ። በሶው መንገዱ ላይ ተበትኖ ነበር። ሰው ሲያለቅስ ዶሮዎቹ እየለቀሙ ነበር፣ ዶሮዎቹንም ይጠላቸዋል።

ሽማግሌ አፍን ይከለክላል እንጂ እጅን አይከለክልም። ስለዚህ ለሜሳ በእጁ ሠራው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ይሆናል፣ ይበሉት፣ ዛሬ ዳውላው ይናገራል።

ለወይዘሮ በቀለች የነገራቸው ሌላ ነው፣ አሶሳ ያለው የአሽከርካሪ ማሰልጠኛ ባለቤት እሳቸው ናቸው፣ እሱ ደግሞ የእሳቸው የጥገና ሠራተኛ፣ ተማሪ መንገድ ሳይወጣ ባጃጅ የሚለማመድበት ጌም ልሥራልዎት አላቸው፣ መነፅር አድርጎ መንገዱን ዓይኑ ላይ የሚያይበት፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉት፣ ሰው አይጋጭ፣ ነዳጅ አይቃጠል፣ እሳቸውም አጨበጨቡ፣ ጓሮ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ሰጡት፣ ይኼው ለሚመጣው ጎብኚ ሁሉ በክልላችን የመጀመሪያው፣ ልጆቼ የፈለሰፉት እያሉ ያወራሉ፣ ልጆቼ ይላሉ፣ ወልደውት ይመስል። አልዋሻቸውም። ጌሙ ያስተምራል፣ ማርሽ መቀየር ያስተምራል፣ ኩርባ አያያዝ ያስተምራል፣ ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠት ያስተምራል፣ ይሄ ሁሉ ግን ልጣጩ ነው፣ ልጣጩን የፈለገ ይብላው። ፍሬው ለአንድ ሰው ነው የበሰለው፣ ያ ሰው አሁን ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ይቺ ናት እንዴ ማሽኗ፣ ጎበዝ ነህ ለሜ ይላል። ለሜ ብሎ የሚጠራው ማን ስለሆነ ነው!

ይቺ ናት። ከተጣለ ባጃጅ ግማሽ ፊቱን ቆርጦ አመጣው፣ መሪው የእውነት መሪ፣ ፍሬኑ የእውነት ፍሬን፣ ጋዙ ላይ ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀላትን የድምፅ መጨመሪያ ገጠመበት፣ እጅ ምን ያህል እንደጠመዘዘ ለኮምፒውተሩ የምትናገረው እሷ ናት፣ መቀመጫውን ሞላ ላይ አስቀመጠው፣ ከሥሩ የጁስ መፍጫ ሞተር አሰረ፣ ኮረኮንች ሲመጣ ቂጥ እንዲያንቀጠቅጥ። መነፅሩን ከቀርቀሃ ሠራው፣ የመጀመሪያውን ነቀዝ ዱቄት አደረገበት፣ በክረምት የተቆረጠ ቀርቀሃ ነቀዝ አይምረውም ለካ፣ ለምን አልነገርከኝም ሲለው ኮድ የሚጽፍለትን፣ አማርኛ የሚሰባብረውን ማህጁብን፣ አንተ መች ጠየቀኝ ብሎ ሳቀ፣ በዚህ አገር ሁሉም ሰው ይስቃል፣ ሁለተኛውን በበጋ ቆረጠው፣ ውስጡ ሁለት ሌንስና አንድ ስልክ፣ ማሰሪያው የጎማ ካላማዳሪያ። በግራው እጀታ ላይ ደግሞ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ። ስለ መዳቡ የጠየቀ የለም። እጅ ከያዘው በኮምፒውተሩ ጥግ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፣ እጅ ከለቀቀው ቀይ ትሆናለች፣ በቃ። ሽማግሌ አያስፈልጋትም፣ ቄስ አያስፈልጋትም፣ ገበታ አትቀርብም። ዳኛዋ ያቺ ነጥብ ናት።

መንገዱ የማህጁብ ሥራ ነው። እሱ እዚያ ጥግ ኮምፒውተሩ ላይ ተጎልቷል፣ የበርታ ልጅ ነው፣ የአሶሳ፣ ኮድ ሲጽፍ ያንጎራጉራል፣ ዝም ብሎ መሥራት አያውቅም፣ ባምባሲ ድረስ በሞተር ሳይክል ሄደው መንገዱን ቀረፁት፣ ማህጁብ ነዳ፣ ለሜሳ ከኋላ ሆኖ ካሜራ ያዘ፣ ኩርባው ጋ ሲደርሱ ፊቱን ከነካሜራው አዞረ፣ ያ ክፍል ተበላሽቷል፣ እንደገና እንሂድ አለ ማህጁብ፣ እንደገና ሄዱ። ከዚያ ዛፍ በዛፍ ገነባው። ማንጎዎቹን፣ የቆርቆሮውን ኪዮስክ፣ የተጣመመውን የመብራት እንጨት፣ ምንም አልቀረውም፣ እጁን ይባርከው፣ እጁን ይስበረው። ወላሂ ለሜሳ፣ ይሄ መንገድ ፍየል አለ፣ ላም አለ፣ ልጅ አለ፣ አህያ የት ሄደ? አህያ የሌለ የባምባሲ መንገድ ማን ያምናል? እዚህ ኩርባ ላይ አንድ አህያ ላስገባ፣ ተማሪ ይማራል። አታስገባ። ለምን? አታስገባ አልኩህ እኮ! ኩርባው ንጹሕ ይሁን፣ ባዶ ይሁን፣ ነፋስ እንኳን አይለፍበት። ማህጁብ ትከሻውን ሰበቀ።

ኋላ ግን ወሬውን ሰማ፣ ወሬ እዚህ አገር ከሚኒባስ ይቀድማል፣ አንድ ቀን ኪቦርዱን እየጠቀጠቀ እንደ ዋዛ ጣል አደረጋት፣ ባለ አህያ እንዴት ይናገራል ለሜሳ፣ አህያ የኔ ነው ካለ እኮ ጉማው እሱ ላይ ይመጣል፣ እኛም ጋ እንደዚህ ነው፣ ደም የነካ ከብት ባለቤቱ አላውቀውም ይላል፣ ማታ ወስዶ ሩቅ ገበያ ይሸጣል፣ ካላስ። ለሜሳ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረውም። የአህያ ጠበቃ። እሱን ማን ጠየቀው? ኮድህን ጻፍ። ግን ሌሊት ተኝቶ ያ ነገር ጆሮው ውስጥ እንደ ትንኝ ጢዝ ይላል፣ ሩቅ ገበያ፣ ሩቅ ገበያ፣ እየገለበጠ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ጠዋት ተነስቶ የባሰ ይጠላዋል፣ ማንን፣ ማህጁብን፣ ሌንጂሳን፣ ሁለቱንም።

ቁጭ በል፣ ይላል አፉ። ሌንጂሳ ይቀመጣል፣ ሞላው ሲጥ ይላል። ክፍሉ ምድጃ ሆኗል፣ ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሳል፣ ወይዘሮ በቀለች በላስቲክ ወንበር ላይ በካርቶን ያራግባሉ፣ ሳምንት ከትራንስፖርት ቢሮ የሚመጡ ሰዎች ያዩታልና እንዳታዋርዱኝ፣ ዛሬ በደንብ ይፈተን ይላሉ፣ ሰው ልከው ሦስት የባጃጅ ሹፌር አስጠርተዋል፣ ሦስተኛው ማን ይሁን ሲሉ ለሜሳ ነው ስሙን የሰጣቸው፣ ጎበዝ የባምባሲ ሹፌር ነው፣ ጎረቤቴ ነው ብሎ። ጎረቤቴ። ምላሱ አልተቆረጠችም። እሳቸው የጎጃም ሰው ናቸው፣ የባምባሲን ወሬ አይሰሙም፣ የሰሙም ከሆነ ረስተውታል።

ጠዋት ሁለቱ ተፈትነዋል፣ ወጥመዱም ተፈትኗል። ባጃጁ ኩርባው ጋ ሲደርስ ስልክ ይጮሃል፣ ከመሪው ሥር ካስቀመጣት ትንሽ ስፒከር፣ የእውነት ስልክ ነው የሚመስለው፣ የትኩረት ፈተና ነው ብሎ ነው ለወይዘሮ በቀለች የሸጠላቸው፣ እሰይ አሉ። የመጀመሪያው ልጅ ስልኩ ከመጮሁ እጁ ኪሱ ገባች፣ ቀይ። ሁለተኛው፣ ጎልማሳው ሰውዬ፣ መነፅሩን እንዳደረገ፣ ፊቱ ቀርቀሃ ሆኖ፣ ሃሎ አለ! ሃሎ፣ ማን ልበል? ቀይ። ወይዘሮ በቀለች በሳቅ ፈረሱ፣ ማህጁብ ኪቦርዱ ላይ ተደፋ፣ ለሜሳ አልሳቀም፣ ይሠራል፣ ይሠራል ነው ያለው፣ እጅ የለመደውን አይተውም፣ አፍ ሺህ አህያ ይፈጥራል፣ እጅ ግን መዋሸት አልተማረም። የሌንጂሳ ነጥብ ቀይ ስትሆን በቀስታ፣ ምንም ቃል ሳይተነፍስ፣ ማንንም ሳይረግም፣ ኮምፒውተሩን አዙሮ ያሳየዋል። ተመልከት ይለዋል። አንተ፣ ይቺን ተመልከት። ስለ ጌሙ ነው የማወራው ይላል፣ ስለ ጌሙ ማውራት ማን ከለከለ።

መነፅሩን ያጠልቅለታል። ጭንቅላቱ በሁለት እጆቹ መሐል ነው፣ ጸጉሩ ላብ ነው፣ ማጅራቱ ላይ የልጅነት ጠባሳ አለች፣ ለሜሳ የሚያውቃት ጠባሳ፣ ማንጎ ሲሰርቁ ከአጥር ሽቦ ላይ የወደቀ ጊዜ፣ ቢሊሴ በነጠላዋ ጥግ ደሙን ጠርጋለት ነበር፣ ተዋት፣ አሁን እሷን ተዋት። ካላማዳሪያውን ይስባል። አንዴ ይስባል። ከሚገባው በላይ አንዴ ይጨምራል። ጠበቀህ? ደህና ነው ወንድሜ። ዓይኑ ተጋርዷል፣ አንገቱ ተሰጥቷል፣ እንዲህ በግ እንኳን አይሰጥም፣ እና እግዜር ያውቃል፣ የለሜሳ አውራ ጣት እዚያች ጠባሳ ላይ ትንሽ ትቆያለች።

ጀምር።

ሞተሩ ያጓራል፣ መቀመጫው ይንቀጠቀጣል፣ በኮምፒውተሩ ላይ ሌንጂሳ የሚያየው መንገድ ይመጣል፣ የባምባሲ ዳር፣ ቤታቸው፣ የሁለቱም አጥር፣ ማህጁብ አጥራቸውን ሳይቀር አስገብቶታል። አረንጓዴ። ሲገባ የነበረው ፈገግታ ከቀርቀሃው በታች በምትታየው አፉ ላይ የለም፣ አሃ፣ አወቅካት፣ የት እንዳለህ አወቅክ፣ ጎሽ። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ በደንብ ይነዳል፣ ውሻ፣ በደንብ ነው የሚነዳው፣ ለፍየሎቹ ያቆማል፣ ልጆቹን በስሱ ጥሩምባ ያሳልፋል፣ ለላሟ ይጠብቃል፣ ወይዘሮ በቀለች አያችሁ፣ ሹፌር ማለት እንዲህ ነው ይላሉ፣ ለሜሳ ጥርሱን ይነክሳል፣ ነጥቧን ብቻ ያያል፣ ሌላ ምንም አያይም፣ ከዓለም የቀረችው ያቺ ነጥብ ናት፣ ኪዮስኩ አለፈ፣ የተጣመመው እንጨት አለፈ፣ አሁን።

ስልኩ ይጮሃል።

አረንጓዴ። ይጮሃል። አረንጓዴ። አንሳው። አንሳው እንጂ፣ ያኔ አንስተኸው የለ፣ ማን ነበር የደወለልህ፣ ምን ሊነግርህ ነበር፣ እህቴን የሚያህል ምን ወሬ ነበረው፣ አንሳ! ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ የሌንጂሳ ጣቶች እጀታውን እንደጨበጡ ናቸው፣ አንዷ ጣት እንኳን አልላላችም፣ ስልኩ ጭራሽ ያልተሰማው ይመስላል፣ ጆሮው ሌላ ቦታ ነው። ስልኩ ዝም ይላል። አረንጓዴ። አይሆንም፣ ተጠንቅቆ ነው፣ አውቆ ነው፣ የቅድሞቹ ውጭ ተቀምጠው ነግረውት ነው፣ ስልክ ይጮህብሃል ብለውት፣ ሹፌር ለሹፌር፣ ሌቦች፣ ለሜሳ አፉን ሊከፍት ነው፣ አቁም ሊል ነው፣ ፈተናው ተበላሽቷል፣ ይደገም ሊል፣

ማንጎዎቹ ይመጣሉ። ኩርባው ይመጣል። መንገዱ ባዶ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ለሜሳ እንዳዘዘው ነፋስ እንኳን የለበትም።

ሃሬ! ይላል ሌንጂሳ።

በኦሮምኛ ነው፣ አህያ ነው የሚለው፣ ከደረቱ የሚወጣ ጩኸት ነው፣ ወይዘሮ በቀለች ካርቶናቸውን ይጥላሉ፣ ቀኝ እግሩ ፍሬኑ ላይ ሙሉ ክብደቱን ያሳርፋል፣ መሪው ወደ ጥግ ይጠመዘዛል፣ በኮምፒውተሩ ላይ ሰማይና ማንጎ ይገለባበጣሉ፣ እና ነጥቧ፣ ነጥቧ ቀይ ናት። ቀይ! ይኼው! ለሜሳ ይነሳል፣ ይኼው ለቀቀ፣ ግራ እጁ ለቀቀ፣ ኪሱ ገባ፣ ያዝኩህ፣ ግራ እጁን ይፈልጋል፣ ኪሱ ላይ የለም፣ ጆሮው ላይ የለም፣

ወደ ኋላ ነው የሄደችው። ግራ እጁ ከትከሻው ጀርባ ተዘርግታለች፣ እስከ ብብቱ ተስባ፣ አምስቱ ጣቶች አየሩን ጨብጠዋል፣ የሆነ ነገር ይዘዋል፣ ሰው ይዘዋል፣ የሚወድቅ ሰው በልብሱ ሲያዝ እንደዚያ ነው የሚያዘው። ከኋላው ማንም የለም። የቆርቆሮ ግድግዳ ነው ያለው።

ማህጁብ፣ አህያ አስገብተሃል። ማነው፣ እኔ? አስገብተሃል፣ ሳልነግርህ አስገብተሃል! ወላሂ አላስገባሁም፣ ና እይ፣ ኮዱ ችግር የለውም፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ማህጁብ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ቀስ አድርጎ ያሳየዋል፣ ማንጎ፣ ኩርባ፣ አፈር፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ከዚያ መንገዱ ይገለበጣል። ባዶ ነው። ትወና ነው፣ ይላል ለሜሳ በሆዱ፣ ሌባ፣ ተዋናይ፣ አውቆብኝ ነው፣ ወጥመዱን አይቶ በወጥመዱ መታኝ፣ ይላል፣ ይላል፣ ግን ያቺ እጅ፣ እጅ መዋሸት አልተማረም ያለው ማን ነበር፣ ያቺ እጅ እስካሁን አልወረደችም፣ ክንዱ ከመዛሉ የተነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቶቹ ግን አልተከፈቱም፣ ሰው እንዲህ አይተውንም፣ ማን አስተማረው፣ ለማን ብሎ።

ተሳፋሪዎ ሕይወታቸው አልፏል፣ ይላል ጌሙ። የወይዘሮ በቀለች ድምፅ ነው፣ ለቀረፃ ብለው አፋቸውን አሳምረው የተናገሩት፣ ቃሉን የጻፈላቸው ግን ለሜሳ ነው፣ ትንሽ አይከብድም ወይ ልጄ ብለውት ነበር፣ ለትምህርት ነው አላቸው። ተሳፋሪዎ ሕይወታቸው አልፏል፣ እንደገና ለመጀመር ፍሬኑን ይርገጡ።

አውቃለሁ፣ ይላል ሌንጂሳ። በቀስታ ነው፣ ለማሽኑ ነው የሚመልስላት፣ የጠየቀችው ይመስል።

ወይዘሮ በቀለች ደረታቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ የድንጋጤ ሳቅ፣ አረ ልጄ፣ ነፍሴን ልታወጣት ነው ወይ፣ በባዶ መንገድ ትገለበጣለህ? ምን አየህ እዚያ? ሌንጂሳ እጁን ቀስ ብሎ ያወርዳል፣ ጭኑ ላይ ያስቀምጣታል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትንሽ ይደባብሳታል። ንገራቸው፣ ይላል ለሜሳ በሆዱ፣ አሁን ንገራቸው፣ አህያ በል፣ ጠበቃህ ይኼው ተቀምጧል፣ ምስክር አለህ፣ በል። ሌንጂሳ መነፅሩን ሳያወልቅ ወደ ድምፃቸው ይዞራል። ምንም እትዬ፣ ይላል፣ ምንም አላየሁም።

እሱም አሜን ብሎ ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ እንዴት ሳይታየው ቀረ፣ ያን ቀን ከዋርካው ሥር አሜን ያለው ለሜሳ ብቻ አልነበረም፣ ያቺ እርግማን የወረደችው በሁለት አፍ ላይ ነው፣ ለሜሳ ስልክ ስልክ እያለ በሆዱ ሲጮህ ያ ደግሞ በአጥሩ ማዶ አህያ አህያ እያለ ነበር ወይ፣ ለማን፣ በየቀኑ በዚያ መንገድ ሰው እየጫነ፣ በዚያ ኩርባ፣ በየቀኑ፣ ጠዋት ማታ። አላዝንለትም። ለምን አዝንለታለሁ፣ እሱ በልቶ ይገባል፣ እሷ አፈር ናት፣ አህያ ቢኖርስ፣ ቢኖርስ ቀስ ብሎ ቢነዳ ኖሮ፣ ግን ያ እጅ፣ መሪውን ለቅቆ ወደ እሷ የሄደ እጅ፣ መሪውን ባይለቅ ባልተገለበጠ ነበር፣ መሪውን የለቀቀው እሷን ሊይዝ ነው፣ ያዛት ወይ፣ ልብሷን ነካው ወይ፣ ወይኔ፣ ይሄን ማን ይጠይቃል፣ ማን ይነግረዋል፣ ተከልክሏል እኮ፣ ሁለቱም ተከልክለዋል፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው ይሄን ጥላቻ ሲያበላው፣ ሲያጠጣው፣ ቀርቀሃና መዳብ ሲያለብሰው፣ አሁን የት ይወስደዋል፣ የት ያስቀምጠዋል፣ አሁን ደግሞ የሚጠላው ማን ቀረው፣ አህያውን? ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ሩቅ ገበያ የሸጠውን አህያ?

እንደገና ይሞክር፣ ይላሉ ወይዘሮ በቀለች፣ ሳምንት ሰዎቹ ፊት እንዲህ ከሆነ ጉድ ነው። ማህጁብ ለሜሳን ያያል፣ ልዝጋው? ይላል፣ በዓይኑ ነው፣ ማንጎራጎሩን ትቷል። ንቀለው በለው። ገመዱ እግርህ ሥር ነው፣ በእግርህ ሳበው፣ መብራት ሄደ በላቸው፣ ማን ይፈርድብሃል። ለሜሳ አይንቀሳቀስም። ይየው፣ ይላል ሆዱ፣ ደግሞ ይየው፣ መቶ ጊዜ ይገልበጥ፣ እና ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይነካው፣ ሌንጂሳ ራሱ ቀኝ እግሩን አንስቶ ፍሬኑን ይረግጣል።

አጥሩ ይመጣል። ቤቱ። ፍየሎቹ። ማሰሪያው ከጆሮው በላይ ቆዳውን ቆርጦታል፣ ቀይ መስመር ሠርቷል፣ ደህና ነው ነበር ያለው፣ ለሁሉም ደህና ነው፣ ላሟ አለፈች፣ ልጆቹ አለፉ፣ አፉ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል፣ ከመነፅሩ ሥር ላብ ይሁን ሌላ አገጩ ድረስ ይወርዳል፣ አይጠርገውም፣ ሁለቱ እጆቹ መሪው ላይ ናቸው፣ አረንጓዴ፣ ኪዮስኩ፣ ለሜሳ መቀመጫው አጠገብ ደርሷል፣ መቼ ተራመደ፣ እንጨቱ፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ይጩህ፣ ማንም አይሰማውም፣ ማንጎዎቹ ከዚያ ማዶ ይታያሉ፣ የሌንጂሳ ግራ ትከሻ ገና ከአሁኑ ወደ ኋላ መሳብ ጀምሯል፣ ጣቶቹ ሊላሉ ነው፣ ያ አሜን የተባለበት ነገር በለሜሳ ጉሮሮ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ይወጣል፣ ይረገም፣ የተረገመ ይሁን፣ ጎንበስ ይላል፣ አፉን ወደ ጆሮው ያስጠጋል፣ ቀስ በል፣ ይለዋል፣ ቀስ በል ሌንጂሳ፣ ከፊትህ አህያ አለ።